ውዳሴ ለድርቆሽ ጋሪዋ ሥዕል

አንቺ የቀትር ሥዕል ሆይ፤ ከሸራና ከዘይት ቀለም ተሠርተሽ የወንዝ ድምፅ የምታሰሚ፣ ሁለት ምዕት ዓመት ተሰቅለሽ ከውሃሽ አንዲት ጠብታ ያልጎደለብሽ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የስቱር ወንዝ ልጅ ጆን ኮንስታብል የልጅነት ናፍቆቱን ከቀለሙ ጋር በጥብጦ እ.ኤ.አ. በ1821 ለፈጸመሽ፣ ዓለምም «የድርቆሽ ጋሪ» ብሎ ለሚጠራሽ ለአንቺ፣ ከወንዝሽ ርቆ በሌላ ሀገር የተወለደ ብዕር እጅ ይነሣል። በለንደን እምብርት፣ በትራፋልጋር አደባባይ፣ በናሽናል ጋለሪ ውስጥ፣ ነገሥታትና ቅዱሳን በወርቅ ክፈፍ በተሰለፉበት ጉባኤ መካከል፣ ባዶ ጋሪሽንና ጥቁር ፈረሶችሽን ይዘሽ በሙሉ ግርማ ቆመሻልና ክብር ይገባሻል።

በእኛ ዘንድ ምስጋና መዓርግ አለው። መልክእ ለቅዱሳን ይደረሳል፤ ቅኔ በመቅደስና በቤተ መንግሥት ይዘረፋል፤ ፉከራና ቀረርቶ ለጀግና ነው። ገበሬው ለበሬው ያንጎራጉርለታል እንጂ ለወፍጮ ኩሬ፣ ለጭቃ ዳርቻ፣ በመልካ ለሚሻገር ጋሪ ውዳሴ ሲደረስ አልተለመደም። በኮንስታብል ሀገርና ዘመንም የሥዕል መዓርግ እንዲሁ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የጥንት ጀግኖች ገድልና የጦር ሜዳ ድል ከላይ ይቀመጣሉ፤ የገጠር መልክዓ ምድር ከታች። ይህ የባለወፍጮ ልጅ ግን ከ1819 ጀምሮ ስድስት ጫማ የሚሆን ሸራ እየወጠረ የመንደሩን ወንዝ ይሥልበት ጀመር። «ነጩ ፈረስ» ቀደመች፤ «የስትራትፎርድ ወፍጮ» ተከተለች፤ ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ከፍታሽ 130 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋትሽ 185። የነገሥታትን ካባ አንሥቶ ለገበሬ ጋሪ አለበሰው፤ ካባውም በልኩ ሆነ። እኔም ይህ ድፍረት አደፋፍሮኝ፣ የቅዱሳኑን ድርሰት ሳልነካ የመልክእን ሥርዓት ብቻ ተውሼ፣ አካልሽን እየጠራሁ ላመስግንሽ።

አስቀድሞ ግን ልትቀሪ ምን ያህል ተቃርበሽ እንደ ነበር ይነገር። በ1820 መገባደጃ ኮንስታብል በልቡ የያዘው ሌላ ርእስ ነበር፤ የዋተርሉ ድልድይ ምረቃ፣ ልዑሉና አጀባው፣ በቴምዝ ላይ የሚውለበለበው ሰንደቅ ሁሉ። አዛውንቱ ሠዓሊ ጆሴፍ ፋሪንግተን ግን «ያን ለጊዜው አቆየውና ወደ ወንዝህ ተመለስ» በሚል መንፈስ መከረው። ምክሩ የተባረከ ይሁን! የድልድዩ ሥዕል እስከ 1832 ድረስ ለሕዝብ ሳይታይ ቆየ፤ አንቺ ግን በአንድ የብርድ ወቅት ተጀምረሽ ተፈጸምሽ፤ ለልዑል የታሰበውንም ዓመት ጋሪ ነጂ ወሰደው።

የብርድ ወቅት ያልሁት በምክንያት ነው። አንቺ የድርቆሽ አጨዳ ወራት ቀትር ነሽ፤ ፀሐይ አናት ላይ፣ ቅጠል ሁሉ ለምልሞ። የተሣልሽው ግን በለንደን፣ በኬፔል መንገድ ቁጥር 1 በሚገኝ ቤት፣ ቀኑ አጥሮ ብርዱ በበረታበት ጊዜ ነው። ወንዙ ቅርብ አልነበረም። ወላጆቹም አልነበሩም፤ እናቱ በ1815፣ አባቱ በ1816 አርፈዋል። ያደገበት የኢስት በርግሆልት ቤትም ከቤተሰቡ እጅ ወጥቷል። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቡሩሹን ሲያነሣ ያን ሙቀት፣ ያን ብርሃን፣ ያን የውሃ ሽታ ያመጣለት ትዝታው ነው። ኮንስታብል ሲሥል ሟቾቹ ተነሡ አልልም፤ እነርሱ የረገጡት ዳርቻ ግን እንዳይሞት ሆነ።

የዚያ ትዝታ ሥሩ ጥልቅ ነው። አባቱ ጎልዲንግ ኮንስታብል የእህል ነጋዴ ነበር፤ የፍላትፎርድንና የዴድሃምን የውሃ ወፍጮዎች የሚያስተዳድር ባለጸጋ። ልጁም በወጣትነቱ በመንደሩ ሜዳ ላይ በቆመው የቤተሰቡ የነፋስ ወፍጮ ሠርቷል። በነፋስ ወፍጮ ለሚያድር ሰው ሰማይ አለቃው ነው፤ የደመናውን አመጣጥ አይቶ ክንፉን ያላዞረ፣ ሸራውን ያልሰበሰበ ባለወፍጮ በአንድ ማዕበል ንብረቱን ያጣል። በ1792 ገና ጎረምሳ ሳለ በዚያ ወፍጮ እንጨት ላይ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ቀርጿል፤ ከስሙም ጋር የወፍጮውን ምስል። በቢላ ጫፍ የተቀረጸ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ እንጨት እስከ አንቺ ድረስ የሄደው እጅ አንድ ነው፤ የሚሥለውም ቦታ አንድ ነው።

እንግዲህ ሰላም ለሰማይሽ፤ ከገጽሽ ሰፊውን ድርሻ ለወረሰው፣ ዝናብ ያዘለው ደመና ካላዘለው በቀለሙ ለሚለይበት ሰማይሽ። ከቤቱ ጣሪያ በላይ ጠቆር ብሎ የተነሣው ደመና ወደ ቀኝ ሲሄድ ይሳሳል፤ በሩቁ መስክ ላይ ፀሐይ ያረፈበትና ጥላ ያረፈበት ምድር ጎን ለጎን ይታያል፤ ደመናው ሲያልፍ ተራው እንደሚለዋወጥ ዓይን ያምናል። ሠዓሊሽ በዚህ አልበቃውም። ከአንቺ በኋላ በ1821ና በ1822 በሃምፕስቴድ ኮረብታ ላይ እየተቀመጠ ወደ መቶ የሚጠጉ የደመና ንድፎች ሠራ፤ በብዙዎቹም ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፈ። ካህን ሰዓታቱን እንደሚጠብቅ ሰማዩን ጠበቀ።

ሰላም ለውሃሽ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይረዝማል፤ አንቺን ያየ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ከዚህ ነውና። ጥልቅ ውሃ አይደለም፤ ፈረስ ይሻገረዋል። ከዳርቻው ጭቃውን እያሳየ ቡናማ ይሆናል፤ መሐል ሲደርስ ደመናውን ተቀብሎ ይነጣል፤ ከዛፉ ሥር ገብቶ ጥቁር አረንጓዴ ይለብሳል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ በመንኮራኩሩ ዙሪያ የተንቀጠቀጠው ብርሃን የቡሩሽ ጫፍ የጣላቸው ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ሆነው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ከሸራው ላይ አበጥ ብለው የቆሙ። አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፤ ውሃው ይፈስሳል። በዘመኑ የነበሩ ሐያስያን በእነዚህ ነጭ ነጥቦች ተሳልቀው «የኮንስታብል በረዶ» አሏቸው። ስላቃቸው ዛሬ ለምስጋናሽ ጌጥ ሆኗል፤ ጤዛ በቅጠል ላይ፣ ፀሐይ በማዕበል ላይ እንዴት እንደምትሰበር ከእርሱ በፊት እንዲህ የደፈረ ጥቂት ነበርና።

በዚያው በ1821 ለወዳጁ ለቄስ ጆን ፊሸር በላከው ደብዳቤ የሚወዳቸውን ነገሮች ቆጥሯል፤ ከወፍጮ ግድብ የሚያመልጥ የውሃ ድምፅ፣ አኻያ፣ የበሰበሰ አሮጌ ሳንቃ፣ አረንቋ የለበሰ ምሰሶ፣ የጡብ ግንብ። የልጅነት ዘመኑን ሁሉ ከስቱር ዳርቻ ጋር እንደሚያያይዘው፣ ሠዓሊ ያደረገውም ያ ዳርቻ እንደ ሆነ፣ በዚያም ምስጋና እንደሚሰማው ጽፏል። ተመልከቱ! ወርቅ አላለም፤ ዕብነ በረድ አላለም። የበሰበሰ ሳንቃን በስሙ ጠርቶ የሚያመሰግን ሰው ፍቅሩ እውነት ነው።

ሰላም ለቤትሽ፤ ከግራ በኩል በዛፍ ተከልሎ ውሃ ጥግ ለቆመው፣ ጣሪያው ቀላ ላለው፣ ከጭስ መውጫው ቀጭን ጭስ ለሚነሣው። ከሥሩ አንዲት ሴት ወደ ውሃው ጎንበስ ብላለች። ይህ ቤት ባለቤት ነበረው፤ ዊሊ ሎት የተባለ ገበሬ። ሰማንያ ዓመት ከዘለቀው ዕድሜው ውስጥ ከዚያ ቤት ውጭ ያደረው አራት ሌሊት ብቻ ነው ይባላል። ሠዓሊው ጎረቤቱ ደግሞ ሄደ፤ ለንደን ገባ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ በዚያም ሞተ። አንዱ ሳይለቅ ኖረበት፤ አንዱ ለቅቆ ሣለው። ቤቱ ዛሬም በፍላትፎርድ እንደ ቆመ ነው፤ መጻተኛው ጎረቤት ባይሥለው ግን ከሰፈሩ ወዲያ ማን ይሰማለት ነበር?

ሰላም ለአረንጓዴሽ። ይህን ሰላምታ ያለ ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዘመን የመልክዓ ምድር ሥዕል ባለሟሎች ቡናማ ቀለምን ያከብሩ ነበር፤ ያረጀ ቫርኒሽ የሸፈናቸውን የጥንት ሥዕሎች እያዩ ምድር ሁሉ ቡናማ ሊሆን ይገባዋል ይሉ ነበር። የጥበብ ደጋፊ የነበረው ሰር ጆርጅ ቦሞንት ለሥዕል የሚስማማው የአሮጌ ቫዮሊን ቀለም ነው ቢለው፣ ኮንስታብል ቫዮሊኑን አንሥቶ ከቤቱ ፊት ባለው ለምለም ሣር ላይ አኖረው ይባላል። ክርክሩ በዚያ አለቀ። አንቺም የዚያ ሣር ልጅ ነሽ፤ አረንጓዴሽ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ የአኻያው ወደ ብር ያደላል፣ የመስኩ ወደ ቢጫ፣ የጥላው ወደ ጥቁር። በዚህ ሁሉ አረንጓዴ መንግሥት መካከል በፈረሶቹ አንገት ላይ ያረፈው ቀይ ጌጥ ብቻውን ይነድዳል። ያን ቀይ በአውራ ጣት ሸፍኖ ሥዕሊቱን ማየት ነው፤ አረንጓዴው ወዲያው ይደበዝዛል።

ሰላም ለጋሪሽ፤ በስምሽ ለነገሠው። ባዶ ነው፤ ወዲያ ማዶ ባለው መስክ አጫጆች ይጠብቁታል፤ ሌላ ጋሪም በዚያ ድርቆሽ እየተጫነበት ነው። በቀትር ሐሩር የእንጨት መንኮራኩር ደርቆ ይኮማተራል፤ የብረት ቀለበቱም ይላላበታል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን እንጨቱ ያብጣል፤ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጋሪ ነጂ በመልካ ሲያልፍ ለፈረሶቹ እግር ቅዝቃዜ፣ ለመንኮራኩሩ ጥንካሬ ያተርፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሣለው።

ይሁን እንጂ ኮንስታብል በትዝታው ብቻ አልታመነም፤ እኔም ይበልጥ የማከብረው በዚህ ነው። በ1821 መጀመሪያ፣ ሥዕሊቱ ወደ ማለቂያዋ ስትቃረብ፣ የጋሪው አሠራር በትክክል እንዲላክለት ወደ መንደሩ ጻፈ። ወንድሙ አብራም ወጣቱን ጆን ዳንቶርንን ላከ፤ ወጣቱም በብርድ ቆሞ የጋሪውን ቅርጽ ነድፎ ለለንደን ሰደደለት። ናፍቆት ብዙ ሰውን ያስለቅሳል፤ ጥቂቱን ብቻ የመንኮራኩር ልክ ያስጠይቃል። ትዝታውን ከልብ የሚያፈቅር ሰው ትዝታውን ይመረምረዋል፤ የጎደለውን ይጠይቃል፤ ለሚወደው ነገር ሐሰት እንዳይነግር ይጠነቀቃል።

ከዚያም በፊት በዓመታት ውስጥ የቤቱን፣ የዛፉን፣ የውሻውን ንድፍ በየጊዜው አከማችቷል። ከሁሉ የሚያስገርመው ከአንቺ ጋር እኩል የሆነ ሙሉ ንድፍ በዘይት ቀለም ሠርቶ መጀመሩ ነው፤ ያ ንድፍ ዛሬ በዚያው በለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ቡሩሹ የሚጋልብበት፣ ቀለሙ የሚንበለበልበት ሥራ ነው። ንድፉን ከአንቺ የሚያስበልጡ የዘመናችን ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። በንድፉ ስሜቱ ይታያል፤ በአንቺ ግን ስሜቱም ቦታውም ይታያል፤ ጡቡ በጡብነቱ፣ ውሃው በውሃነቱ ቆሞ። በንድፉ ከውሻው አጠገብ በፈረስ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ በአንቺ ላይ ወጣ፤ በምትኩ በርሜል ገባ፤ እርሱም በቀለም ተሸፈነ። ውሻው ብቻውን ቀርቶ ጋሪውን እየተመለከተ ቆሟል፤ ሰላም ለእርሱም።

አንዳንዶች ይከራከሩሻል። ያ ዘመን ለእንግሊዝ ገበሬ መልካም አልነበረም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ የቀን ሠራተኛው ተራበ፤ በምሥራቅ አንግሊያ በ1816ና በ1822 ሁከት ተነሣ፣ የእርሻ መሣሪያ ተሰባበረ። በአንቺ ገጽ ላይ ይህ አይታይም። ነገር ግን አንቺ የ1821 ወሬ ነጋሪ ለመሆን አልተነሣሽም፤ አንድ ሰው በልጅነቱ የተመለከተውን ቀትር ልትጠብቂ ተሾምሽ። የሚሠሩትንም አላስቀረሽም፤ ጋሪ ነጂው፣ አጫጁ፣ ውሃ ጥግ ያለችው ሴት ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው፤ በገጽሽ ላይ ሥራ ፈት ባለጸጋ የለም። የሠራተኛን ቀን በነገሥታት ሸራ ልክ ማክበር ራሱ ፍርድ ነው።

ምድርሽ ግን ወዲያው አላወቀችሽም። በ1821 በሮያል አካዳሚ «መልክዓ ምድር፤ ቀትር» በሚል ስም ታየሽ፤ የሚገዛሽ ጠፋ። ጆን አሮውስሚዝ የተባለ የፓሪስ የሥዕል ነጋዴ በ1822 ሰባ ፓውንድ ቢያቀርብ ሠዓሊሽ እንቢ አለ፤ በ1824 ግን ከሌሎች ሁለት ሥዕሎች ጋር በ250 ፓውንድ ሸጠሽ፤ ባሕር ተሻገርሽ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ሳሎን ተሰቀልሽ፤ ፈረንሳዮች በፊትሽ ተደመሙ፤ ታላቁ ደላክሯ ሥራሽን አይቶ የኪዮስን እልቂት የሚያሳየውን የራሱን ሥዕል እንደገና ነካካ ይባላል፤ ንጉሥ ሻርል 10ኛም ለሠዓሊሽ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ኮንስታብል በዕድሜው ሙሉ ከእንግሊዝ ምድር አልወጣም፤ የአባቱ ወንዝ ግን በፓሪስ ተመሰገነ። በሀገሩ የአካዳሚው ሙሉ አባል የሆነው በ1829 ነው፤ ባለቤቱ ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ካረፈች በኋላ፤ ደስታውን የሚካፈለው ሰው ሳይኖር። በ1837 እርሱም ተከተላት። አንቺን ሄንሪ ቮን የተባለ ሰብሳቢ በ1886 ለናሽናል ጋለሪ አበረከተሽ፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ነሽ።

ስለዚህ ነው ድምፄን ከፍ አድርጌ የማመሰግንሽ። ከሀገራቸው ርቀው በለንደን የሚኖሩ ወገኖቼ ብዙ ናቸው፤ የጣና ዳርቻ ልጅ አለ፣ የመንዝ ልጅ አለ፣ የጎጃምና የወሎ ልጅ አለ፤ ሁሉም በልቡ መልካ ይዟል፣ ሁሉም ሳንቃው የበሰበሰ ወፍጮ፣ በሩ የተዘጋ ቤት ይዟል። የእነርሱን ወንዝ አንቺ አልሣልሽም፤ የእነርሱን ቤት አታሳዪም። ነገር ግን በፊትሽ የቆመ ሰው የራሱ ዳርቻ ለትልቅ ሸራ የሚበቃ መሆኑን ያለ ሰባኪ ይረዳል። ሠዓልያኖቻችንም ይስሙ፤ የዋሉበት መስክ፣ የተሻገሩት ወንዝ፣ እናታቸው ውሃ የቀዳችበት ምንጭ ሰፊ ሸራ ይገባዋል፤ ለፖስታ ካርድ ብቻ አይጣል።

እናንት በለንደን የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ አንባብያን ሆይ፤ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ሂዱ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ግቡ፤ ከውሃው ፊት አቁሟቸውና በእናንተ ሀገር ወንዙን በየት በኩል ትሻገሩ እንደ ነበር ንገሯቸው። የጋለሪው ቋሚ ስብስብ መግቢያው በነፃ ነው።